ጸጥታ ፍለጋ ከነሞንታርቦው

ዋሽንግተን ዲሲና አካባቢዋ የሚኖር ሐበሻ ሃምሳን ሲሻገር ሁለት ነገር ይከተለዋል። ሐኪሙ «ስኳርህ ድንበር ላይ ነው» ይለዋል፤ እሱ ደግሞ ብስክሌት ይገዛል። ድንበር ላይ የቆመ ነገር ምን ይዞ እንደሚመጣ ካገራችን ታሪክ ስለምናውቅ፣ የሐኪሙን ቃል የምንሰማው እንደ ክተት አዋጅ ነው።

እኔም አዋጁ ደርሶኝ ብስክሌት መሸጫ ገባሁ። ሻጩ ወጣት ከላይ እስከ ታች፣ በተለይ መሀል ላይ ቆየት ብሎ፣ አየኝና የት የት ለመንዳት እንዳሰብኩ ጠየቀኝ። «ጸጥ ያለ፣ መኪና የማይደርስበት፣ ገጠር ገጠር የሚሸት መንገድ» አልኩት። ገባኝ አለና «የጠጠር ብስክሌት» የሚባል ነገር እየገፋ አመጣልኝ። የጠጠር! እኛ ስናድግ ከጠጠር ሌላ ምን መንገድ ነበረና ነው? በሰዓት የምንከራየው ብስክሌት ፍሬን አልነበረውም፤ ፍሬናችን የጫማችን ሶል ነበር፤ ጫማ ያደረግን ቀን ማለቴ ነው። ኮረኮንቹንም፣ ጭቃውንም፣ የቤተ ክርስቲያኑን ደረጃም የወረድነው በዚያው ነው። አሁን ግን ለጠጠር ለብቻው ብስክሌት አለው ተባለ፤ ገዛሁ። ዋጋውን ለባለቤቴ የነገርኳት በሁለት ከፍዬ ነው፤ መጀመሪያ የጎማውን፣ ከሳምንት በኋላ የቀረውን።

በቴሌግራም ቡድናችን ላይ የጉዞው ሐሳብ ሲቀርብ ሃምሳ ሰው «አለሁበት» አለ። በሐበሻ ቀጠሮ ሒሳብ አንድ ዜሮ ስትቀነስ አምስት መጣን። አንደኛው ጋሼ ናቸው፤ ሠላሳ ዓመት ፓርኪንግ ውስጥ ሠርተው ባለፈው ዓመት ጡረታ የወጡ። ሁለተኛዋ ሲስተር፣ ሆስፒታል የሌሊት ፈረቃ የምትሠራ። ሦስተኛው ባለታክሲው። አራተኛው የመቀሌው ልጅ። አምስተኛው ሌላውን ልታዘብ ብዬ የወጣሁት እኔ።

መንገዳችን ሲ ኤንድ ኦ ካናል ይባላል። ካናል ቦይ ነው፤ ግን ጎመን የሚያጠጡበት ቦይ እንዳይመስላችሁ። ከዲሲዋ ጆርጅታውን ተነስቶ የፖቶማክን ወንዝ ታክኮ፣ ሜሪላንድ ተራሮች ሥር እስካለችው እስከ ኩምበርላንድ ከተማ 184.5 ማይል ይሄዳል፤ ወደ 297 ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው። ጀልባ ሽቅብ እንዲወጣ 74 የውሃ ደረጃ ተሠርቶለታል። ጀልባው በድንጋይ የተገነባ ክፍል ውስጥ ይገባል፣ የኋላው በር ይዘጋል፣ ውሃ ይለቀቃል፣ ጀልባው ከፍ ከፍ ይላል፣ የፊቱ በር ይከፈታል። ይህ ሁሉ ተደምሮ ሽቅቡ 184 ሜትር ያህል ነው። እንጦጦ ላይ እንጨት ለቅመው የሚያወርዱ እናቶች በየቀኑ ከዚህ በላይ ወጥተው ይወርዳሉ፤ ስፖርተኛ ያላቸው ግን የለም።

ዛሬ የከሰል ጀልባ የለም። የቀረው ቦዩና ከጎኑ ያለው የአፈርና የጠጠር መንገድ ነው። መንገዱ የተሠራው ለማን መሰላችሁ? ለበቅሎ። በቅሎዎቹ በዚህ ዳር እየሄዱ፣ ከመቶ ቶን በላይ ከሰል የጫነ ጀልባ በረጅም ገመድ ይጎትቱ ነበር።

ጋሼ ይህን ሲሰሙ ፊታቸው ተለወጠ።

«በቅሎ? ከሰል?»

«አዎ ጋሼ።»

«በቅሎ እኮ የመኳንንት ናት! አያቴ በቅሎዋ ላይ ሲወጡ ከፊት ሁለት፣ ከኋላ ሁለት ሰው ይከተላቸው ነበር። ግላሷ ብቻ የአንድ ሰው የዓመት ቀለብ ያወጣል።»

ያገራችን በቅሎ ስለ አባቷ ስትጠየቅ ፈረስ አጎቴ ነው ብላ የዘር ጉዳይ የምታድበሰብስ ጨዋ ናት። የአሜሪካዋን በቅሎ ስለ ዘሯ የጠየቃት የለም፤ ሥራ ብቻ ነው የተሰጣት። ልክ እንደኛ። አንድ ጀልባ ሁለት ተራ በቅሎ እንደነበረውና አንዱ ተራ ስድስት ሰዓት ያህል ጎትቶ ሲደክም፣ በጀልባው አፍንጫ ላይ በተሠራው በረት ገብቶ እንደሚያርፍ ስነግራቸው ጋሼ ትንሽ ተጽናኑ። «እሷስ ተራዋ ሲደርስ ተሳፍራለች» አሉ። «እኔ ሠላሳ ዓመት የሰው መኪና ሳቆም ተራዬ አልደረሰም።»

ወደ ጉዞው ልመለስ። ጸጥታ ፍለጋ የወጣ ሰው ምን ይይዛል? መጽሐፎቹ ቀላል ነገር ያዝ ይላሉ። ጋሼ በሶ፣ ጭኮ፣ ዳቦ ቆሎና አንድ ኪሎ ቋንታ ይዘዋል። ሲስተር ግማሽ ፋርማሲ። ባለታክሲው ሦስት የስልክ ቻርጀርና በብሉቱዝ የሚሠራ፣ የትንሽ ሠርግ ሞንታርቦ የሚያህል ድምፅ ማጉያ። እኔ፣ አትፍረዱብኝ፣ ጀበና። ከነስድስት ሲኒው፣ ከነረከቦቱ አልኩ እንጂ ረከቦቱን ባለቤቴ ከበር አስቀርታዋለች። የመቀሌው ልጅ አንድ የፕላስቲክ ከረጢት፣ አንድ መለዋወጫ ከመነዳሪ፣ አንድ መንፊያ። ብስክሌቱ ከሰው የገዛት፣ ቀለሟ የተላጠ አሮጌ ናት። ከመካከላችን ብስክሌት የሚያውቅ ሰው እሱ ብቻ መሆኑን ያወቅነው ግን በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ቱር ደ ፍራንስን የተሳተፈው የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ፣ ጽጋቡ ግርማይ፣ የመቀሌ ልጅ ነው። በዚያ ከተማ ብስክሌት የጤና ምክር አይደለም፤ እግር ነው። (ከዚህ በኋላ የምጠራቸውን ዓመቶችም በፈረንጆቹ አቆጣጠር ያዙልኝ።)

ልብሱንማ እንዴት ልዝለለው! የብስክሌት ቁምጣ መቀመጫው ላይ ስፖንጅ የተሰፋበት፣ ከሰውነት ጋር የሚጣበቅ፣ የሰው ልጅ የደበቀውን ሁሉ የሚያውጅ ልብስ ነው። ጋሼ ለብሰውት ሲወጡ ከላይ ነጠላ አሸርጠውበታል። «ሲስተር እያየችኝማ አይሆንም» አሉ። ሲስተር በሃያ ዓመት የሆስፒታል ሥራዋ ያላየችው የሰው አካል የለም፤ ግን ዝም አለች።

ዜሮ ማይልን የምታሳየው ድንጋይ ከዋተርጌት ሕንፃዎች አጠገብ፣ ወንዙ ዳር፣ ታንኳ ከሚከራይበት ቤት ጀርባ ተደብቃ ነው የቆመችው። እስክናገኛት ግማሽ ሰዓት፣ ፎቶ ስንነሳባት አንድ ሰዓት ፈጀብን። ባለታክሲው ሳንንቀሳቀስ «ብቻዬን ከተፈጥሮ ጋር» ብሎ ለጠፈ። ፎቶው ላይ የእኔ ክንድ ይታያል።

ከዚያ ጉዞ ተጀመረ፤ ጸጥታውም ይጀምራል ብለን ጠበቅን። መጀመሪያ ላይ የወንዙን መስመር ተከትለው ወደ አየር ማረፊያው የሚወርዱ አውሮፕላኖች በላያችን ያልፋሉ። እሱ ሲቀንስ የባለታክሲው ሞንታርቦ ተነሣ። መኪና የለም፣ መብራት የለም፣ ፖሊስ የለም፤ እሱ ግን ያላየው መብራት እንዳይዘው ዓይኑን ከግራ ቀኝ አያሳርፍም። አንዲት ሴት ከፊቱ ቀስ ብላ ስትራመድ አውራ ጣቱ መሪው መሀል ላይ ጡሩምባ ሲፈልግ አይቻለሁ። የፓርኩ ደንብ ሰው ስታልፍ ደወል አሰማ ነው የሚለው። ባለታክሲው የገጠማት ደወል የበረዶ መንገድ ጠራጊ መኪና የምትመልስ ናት።

ጋሼ በበኩላቸው ማንንም ሰላም ሳይሉ ማለፍ አይሆንላቸውም። አሜሪካዊው ብስክሌተኛ «ሃይ» ብሎ በነፋስ ፍጥነት ያልፋል፤ እሳቸው ፍሬን ይዘው፣ አንድ እግራቸውን መሬት አድርሰው፣ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው እንዴት ዋልክ፣ እንዴት ነህ ይላሉ። ቀና ሲሉ ሰውየው የለም። «ምን ዓይነት ሰው ነው? የእግዜር ሰላምታ ላይ ጀርባውን የሚያዞር!» እስከ እኩለ ቀን ሃያ ሰው ተቀየሙ።

አሥራ ስድስተኛው ማይል ላይ ነጠላው ካቴናው ውስጥ ገባ። የፊተኛውን ቀን በዚያ ጨረስን። ልናድርበት ያቀድነው ቦታ ከአርባኛው ማይል በላይ ነበር፤ ያደርነው በመኪና ከቤታችን ሃያ አምስት ደቂቃ በማይሞላ የድንኳን ማረፊያ ነው። ሲስተር ቤቷ ሄዳ አድራ በጠዋት ልትመለስ እንደምትችል ስትናገር ሁላችንም ስልካችንን ስናይ ነበር። ያቆየን ኩራት ነው፤ ያን «ብቻዬን ከተፈጥሮ ጋር» ያየ ሕዝብ አለ።

እንደዚህ ያሉት ማረፊያዎች በቦዩ ዳር በየጥቂት ማይሉ ይገኛሉ፤ አንድ ጠረጴዛ፣ እሳት ማንደጃ፣ ሽንት ቤትና በእጅ የሚመታ የውሃ ፓምፕ። ፈረንጁ እጀታውን ይዞ ሲመታ «ድንቅ ነው!» እያለ ልጆቹን ያስነሣቸዋል። እኔና ጋሼ ተያየን። ከእንዲህ ካለ ፓምፕ ነው የሸሸነው እኮ። ሰው ሸሽቶ ውቅያኖስ አቋርጦ፣ ሠላሳ ዓመት ለፍቶ፣ ለዕረፍት ጊዜው ተመልሶ ፓምፕ ይመታል።

ስለ ቦዩ ታሪክ ያነበብኩትን ያጫወትኳቸው በዚያ ምሽት ነው። ሐምሌ 4 ቀን 1828 ፕሬዚዳንት ጆን ክዊንሲ አዳምስ የመጀመሪያውን አፈር ሊቆርሱ አካፋ ጨበጡ። አካፋው የዛፍ ሥር መታና ነጠረ። ደገሙት፤ ነጠረ። በመጨረሻ ኮታቸውን አውልቀው ሲቆፍሩ ሕዝቡ አጨበጨበ። ጋሼ ይኼኔ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ «ይኼ ምልክት ነው። በግ ማረድ ነበረባቸው።» ትክክል ሳይሆኑ አልቀሩም። በዚያው ቀን፣ ባልቲሞር ውስጥ፣ የቢ ኤንድ ኦ ባቡር ሐዲድ የመሠረት ድንጋይ ይቀመጥ ነበር። ሁለቱም የሚሮጡት ወደ ምዕራብ ነው። ባቡሩ ኩምበርላንድ የደረሰው በ1842፤ ቦዩ በ1850። ስምንት ዓመት ዘግይቶ! ቦዩ ከዚያም ወዲያ ተራራውን ተሻግሮ ኦሃዮ ወንዝ ይደርሳል ተብሎ ነበር፤ ስሙ ላይ ያለችው «ኦ» ያች ናት። አልደረሰም። በ1889 ጎርፍ ወገቡን ሲሰብረው ደግሞ ማን እጅ ወደቀ? የባላንጣው የባቡር ኩባንያ። በ1924 ሌላ ጎርፍ ጨረሰው፤ በ1938 ባቡሩ ለመንግሥት ሸጠው። በጠላትህ ተሽጦ መሞት ማለት ይኼ ነው።

በሁለተኛው ቀን የሞንታርቦው ባትሪ አለቀ። እውነተኛው ጸጥታ መጣ። የጎማው ሽርሽርታ፣ ቅጠሉ፣ ግንድ ላይ ተደርድረው ፀሐይ የሚሞቁ ኤሊዎች አንድ በአንድ ውሃ ውስጥ ጠብ ሲሉ። ያ ነበር የፈለግነው። ስንት ደቂቃ የቻልነው ይመስላችኋል? ሰባት። ቆጥሬያለሁ።

«ምነው ዝም አላችሁ?» አለ ባለታክሲው።

«ምንም፣ ደህና ነን።»

«አይ፣ አንድ ነገር አለ። ተቀይመሃል?»

በኛ ዘንድ ዝም ያለ ሰው ወይ ታሟል፣ ወይ ተቀይሟል፣ ወይ መርዶ ይዟል። ሌላ ዓይነት ጸጥታ አናውቅም። ጸጥታ ቢበዛ ሰውን ቤቱ ሄደው ይጠይቁታል። ስለዚህ አለመቀየሜን ለማስረዳት ማውራት ጀመርኩ፤ ወሬው ወደ አገር ቤት ሄደ፤ አገር ቤት ከተሄደ የት እንደሚደረስ ታውቃላችሁ። በሰባት ቅስት ተሸክማ ቦዩን ከነጀልባው በሌላ ወንዝ አናት ላይ ታሻግር የነበረችውን፣ ከ1829 እስከ 1833 የተሠራችውን፣ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት የደቡብ ጦር ሊያፈርሳት ሞክሮ ያቃተውን የሞኖከሲን የድንጋይ ድልድይ ያለፍነው ስለ ፌዴራሊዝም እየተጯጯህን ነው። ማንም አላያትም። እኔም የማውቃት ከመጽሐፍ ነው።

ማታውን ደግሞ ባቡር። ከፖይንት ኦፍ ሮክስ በላይ የባቡር ሐዲዱ ከቦዩ ጋር ጎን ለጎን፣ ወይም ወንዙን ተሻግሮ ማዶ ለማዶ ነው የሚሄደው። ያ የ1828ቱ ባላንጣ! ዛሬም የዕቃ ባቡር ሌሊቱን ሙሉ ያልፋል፤ መቶ ፉርጎ ይሆናል ስትል ሌላ መቶ ይመጣል። መሻገሪያ በደረሰ ቁጥር ያጓራል፤ መቶ ዘጠና ምናምን ዓመት ሙሉ ድሉን አልጠገበም። ድንኳኔ ውስጥ ጥርሴ ሲንቀጠቀጥ ተሰማኝ። ሲስተር ጆሮዋ ውስጥ መድፈኛ ከታ፣ በላዩ ፎጣ አስራ ተቀምጣለች። ባለታክሲው ብቻ እንደ ሕፃን ተኛ። በሁለት ቀን ውስጥ መጀመሪያ እንቅልፍ የወሰደው ያን ሌሊት ነው፤ «ቤቴ ያለሁ መሰለኝ» አለ በጠዋት።

እውነቱን ለመናገር ድሮም ቢሆን እዚህ ጸጥታ አልነበረም። የጀልባ ሰዎች ሌሊቱን ይጓዙ ነበር፤ ከውሃው በር ሲደርሱ በጡሩምባ ይነፉና የበሩን ጠባቂ ከአልጋው ያስወርዱታል። በቅሎዎቹን ከሚነዱት ብዙዎቹ ልጆች ነበሩ፤ በዚህ መንገድ ላይ እየተራመዱ እንቅልፍ የሚጥላቸው ልጆች። የአንዱ ትውልድ ድካም የሌላው መዝናኛ ሆኗል። ሰባት ማርሽ ስቀያይር ስለዚያ አላሰብኩም፤ ያሰብኩት ስለ መቀመጫዬ ነው።

ሃርፐርስ ፌሪን ለማየት ወንዙን በባቡር ድልድዩ ላይ በተሠራው የእግረኛ መሻገሪያ ማለፍ ያስፈልጋል፤ ወደ ድልድዩ የሚያወጣው ደግሞ ደረጃ ነው። ብስክሌቱን ተሸክመህ። ብስክሌት የተሠራው ሰው እንዲሸከም ነው እንጂ ሰው እንዲሸከመው አልነበረም፤ ግን ከነጀበናው፣ ከነቋንታው፣ ከነግማሽ ፋርማሲው ተሸከምን። የመቀሌው ልጅ የራሱን በአንድ እጁ አውጥቶ፣ ተመልሶ የጋሼን፣ ተመልሶ የሲስተርን አወጣ። በዚህች ከተማ ጥቅምት 1859 ጆን ብራውን ጥቂት ሰዎች አስከትሎ፣ ባሪያዎችን አስታጥቆ ነፃ ሊያወጣ የመንግሥትን የጦር መሣሪያ ግምጃ ቤት ያዘ። ከሁለት ቀን ያልበለጠ ውጊያ ሆነና ተማረከ፤ ታኅሣሥ 2 ተሰቀለ። ከውጊያው መጀመሪያ የሞተው ግን አንድ ነፃ ጥቁር የባቡር ጣቢያ ሠራተኛ ነበር። ጋሼ ይህን ሲሰሙ ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። በዚህ ጊዜ ማንም «ምነው?» አላላቸውም።

ጥቂት ማይል ወደ ላይ አንቲየተም አለ። መስከረም 17 ቀን 1862፣ በአንድ ቀን፣ ከሁለቱም ወገን ወደ 23,000 ሰው የሞተበት፣ የቆሰለበትና የጠፋበት ማሳ። አሜሪካ እንዲያ ያለ ሌላ የውጊያ ቀን አላየችም። ከቦዩ ወጥተን እዚያ ሄድን። ሳሩ ታጭዷል፤ መድፎቹ ታጥበዋል፤ በቆሎ በቅሏል። ባለታክሲው ስልኩን ዘርግቶ «ፈገግ በሉ!» አለ። ፈገግ አልን። ኋላ ስናየው ሲስተር ብቻ ናት ያልሳቀችው።

«ለመሆኑ» አለች በመመለሻችን ላይ፣ «አድዋን ያየ አለ ከኛ መሀል?»

ዝም። (ሌላ ዓይነት ጸጥታ፣ የሀፍረት።) በየዓመቱ የካቲት 23 ባንዲራ ለብሰን አዳራሽ የምንሞላው እኛ! እኔ ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን የሄድኩት እስከ ደብረ ብርሃን ነው፤ ለሠርግ። ጋሼ ስለ ጦር ሜዳው አንድ ሰዓት ሳይተነፍሱ ይናገራሉ፤ አላዩትም።

«እኔ በብስክሌት ሄጄያለሁ» አለ የመቀሌው ልጅ ከኋላ። «ከነዳገቱ።»

ከዚያ በኋላ ማንም ስለ ማርሽ አላማረረም።

ይህ መንገድ ዛሬ መኪና የማይገባበት ለምን እንደሆነ ለባለታክሲው ያስረዳሁት በአምስተኛው ቀን ነበር፤ ተጸጸትኩ። ነገሩ እንዲህ ነው። ቦዩ ተትቶ ዱር ሲወርሰው የመኪና መንገድ ይሠራበት የሚል ዕቅድ መጣ፤ በ1954 ዋሽንግተን ፖስትም በርዕሰ አንቀጹ ደገፈው። የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዳኛ ዊሊያም ዳግላስ የጋዜጣውን ጸሐፊዎች «ኑ፣ አብረን በእግር እንሂድና እዩት» ብሎ ፈተናቸው። መጋቢት ውስጥ ከኩምበርላንድ ተነሡ። መንገድ ላይ የተቀላቀለውና የተለየው ብዙ ነው፤ ሙሉውን በእግሩ የጨረሰው ዘጠኝ ሰው። ጋዜጠኞቹ እግራቸው ውሃ ቋጥሮ ተመለሱ፣ አቋማቸውንም አለዘቡ፤ በ1971 ቦዩ ብሔራዊ ታሪካዊ ፓርክ ሆነ። የርዕሰ አንቀጽ ጸሐፊን በእግሩ ማስኬድ ያገራችን ሰዎችም ሊያስቡበት የሚገባ ዘዴ ነው።

ባለታክሲው ሌላ ነገር ነው ያሰበው። «ማለት... ይኼ ሁሉ አስፋልት ሊሆን ነበር?» ዝም ብሎ ትንሽ ነዳ። «ከጆርጅታውን ኩምበርላንድ 184 ማይል። ታሪፉ... ቲፑን ሳይጨምር...» ቀኑን ሙሉ ሲያሰላ ዋለ። ዳኛውን እስካሁን ይቅር አላለውም።

የፓው ፓው ዋሻ ከሁሉም ቦታ በላይ ልብ ይነካል። ወንዙ እዚያ አካባቢ እንደ ሰካራም ይጠማዘዛል፤ ስድስት ማይል ያህል ጥምዝምዙን ለመቁረጥ ተራራው ተበሳ፤ 950 ሜትር፣ ከስድስት ሚሊዮን በላይ ጡብ። ኮንትራቱን የወሰደው ሰው የቤተ ክርስቲያን ሰባኪም ነበር፤ በሁለት ዓመት እጨርሳለሁ አለ። በ1836 ተጀምሮ በ1850 አለቀ። (ኮንዶሚኒየም የተመዘገባችሁ አትገረሙም።) ዋሻው አንድ ጀልባ ብቻ ነው የሚያሳልፈው። አንድ ጊዜ ሁለት ጀልባ መሀል ላይ ተገናኙና ሁለቱም አለቆች አልመለስም አሉ ይባላል። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን... ከኋላ የተሰለፈው ጀልባ ማይሎች ሞላ። በመጨረሻ የኩባንያው ሹም እርጥብ የበቆሎ አገዳ በነፋሱ በኩል አስነድዶ በጭስ አስወጣቸው ይላሉ። ጠባብ ቅያስ ውስጥ ሁለት ሚኒባስ አፍ ለአፍ ገጥሞ ያየ አዲስ አበቤ፣ ታሪኩን ፈረንጅ ፈጠረው ብትሉት አያምናችሁም።

እኛም ገባን። ጨለማ ነው፤ ከጣራው ውሃ ይንጠባጠባል፤ መንገዱ ጠባብ ስለሆነ ብስክሌቱን እየገፋህ ነው የምታልፈው። መሀል ላይ ከወዲያ በኩል መብራት መጣ፤ አንዲት ሸበቶ አሜሪካዊትና ባለቤቷ። ጋሼ ብስክሌታቸውን ከግድግዳው አስጠጉ።

«ይለፉ» አሉ።

«አይ፣ እርስዎ ቀድመው ገብተዋል» አለች ሴትዮዋ።

«በፍጹም። እርስዎ እናት ነዎት።»

«ኧረ እርስዎ ይቅደሙ።»

«እግዜር ያሳይዎ፣ ይለፉ!»

ጋሼ ለትሕትና የሚሸነፉ ሰው አይደሉም፤ ሴትዮዋም አልተሸነፈችም። ከኋላችን ሌሎች ደረሱ፤ ከኋላቸውም። እነዚያ በኩራት ዘጉት፣ እኛ በጨዋነት ዘጋነው። ጭሱ ብቻ ነው የጎደለው። በመጨረሻ የመቀሌው ልጅ አልፎ ሄዶ የሴትዮዋን ብስክሌት በአንድ እጁ ከፍ አድርጎ ከኋላችን አሳለፈው።

በዚያ አካባቢ ስልክ አይሠራም። ጸጥታው የሚያምረው እዚያ ነው፤ ባለታክሲው ግን ስልኩን ወደ ሰማይ ዘርግቶ ሲዞር ዝናብ የሚለምን ይመስል ነበር። እኔም መተግበሪያዬ የሄድኩባትን መንገድ አልመዘገበልኝም ብዬ ሐዘን ገብቶኛል። ያልተመዘገበ ማይል ስኳር ይቀንሳል? ሲስተርን ጠየቅኳት። ሳቀች።

ያን ማታ ጀበናዬ ክብሯን አገኘች። ቡናውን ስቆላ ከጎናችን ያሉት ድንኳኖች አንድ በአንድ ተከፈቱ። ስድስት ሲኒ ለአሥራ አንድ ሰው። ከሰባት ቀን ጉዞ ውስጥ ማንም ስልኩን ያልነካበት፣ ማንም ስንት ማይል ቀረን ያላለበት ሁለት ሰዓት እሱ ብቻ ነው፤ ሲኒ እስኪታጠብ፣ ቶናው እስኪፈላ። በረካው ላይ አንዱ ፈረንጅ ሁልጊዜ እንዲህ ነው የምትጠጡት ብሎ ጠየቀ። ጋሼ «ሁልጊዜ» አሉት። ውሸት ነው፤ ጋሼ ሠላሳ ዓመት ቡናቸውን የጠጡት ፓርኪንግ ዳስ ውስጥ ቆመው፣ በወረቀት ኩባያ ነው።

ኩምበርላንድ የደረስነው በሰባተኛው ቀን ነው። ከሰል የጫነ ጀልባ በሁለት ተራ በቅሎ ይህንኑ መንገድ ቢበዛ በሳምንት ይጨርሰው ነበር፤ ከመቶ ቶን ጋር። እኛ ይዘን የደረስነው አንድ ጀበና፣ አምስት ስልክና ያልተበላ ቋንታ ነው። ጋሼ ድንጋዩን አቅፈው ፎቶ ተነሡ፤ በቅሎዎቹን ግን እስካሁን አላመሰገኑም።

በማግስቱ ጠዋት በባቡር ተመለስን። ሰባት ቀን የፈጀብንን መንገድ በሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው የሚጨርሰው። ባለታክሲው ሞንታርቦውን ቻርጅ ላይ ሰክቶ፣ አፉን ከፍቶ አንቀላፋ። ከሃርፐርስ ፌሪ በኋላ ባቡሩ ከዋሻ ሲወጣ ቦዩ በመስኮቱ በኩል ብቅ አለ፤ መንገዱም፣ ዛፎቹም፣ ያረጁት የበር ጠባቂ ቤቶችም። ከዳር አንድ ሰው ብስክሌቱን ከግንድ ጋር አስደግፎ ሳሩ ላይ ተንጋሎ፣ ባርኔጣውን ፊቱ ላይ ደፍቷል። ጸጥታውን አግኝቶታል ማለት ነው ብዬ ሳልጨርስ ባቡራችን ያን ጡሩምባውን ለቀቀው። ሰውየው ተፈናጥሮ ተቀመጠና ክንዱን ወደ ላይ ወረወረ፤ አፉ ሲንቀሳቀስ ይታየኛል።

ጋሼ ተነሥተው በሁለት እጃቸው አውለበለቡለት። «አየህ» አሉኝ፣ «ይኼ ጨዋ ነው። ሰላምታ ያውቃል።»